የማይናገረው አብራሪ

ጃንዋሪ 3፣ 1985፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር ለገና የሰጠችኝ እህቴ ናት። «ንዴትህን ሰው ላይ ከምታራግፍ እዚህ ላይ አራግፈው» አለችኝ። ይሁን፤ ወረቀቱ ይቻለው።

ኮኒ ዚሊንስኪ ዛሬ ቀን ቆረጠች። ድርጅቱ የእሷ ነው። «ድርጅት» ማለት ከምንጣፍ መጥረጊያ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ያለች፣ ማሞቂያዋ የሚንኳኳ አንዲት ክፍል ናት። «ሩቅ ወደብ» የተባለው የጠፈር ጨዋታችን ኤፕሪል 12 ማተሚያ ቤት ካልገባ ለኦገስቱ የጨዋታ ገበያ አይደርስም። ካልደረሰ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ራሲን ከተማ ውስጥ የተሰበሰብነው በከንቱ ነው አለች። እኔ በከንቱ መሆኑን ቀድሞም አውቅ ነበር።

ከእኔ የሚጠበቀው ስድስት ገጸ ባሕርያት ነው። ገዢው ሳጥኑን ከፍቶ፣ ከስድስቱ አንዱን ወረቀት መርጦ፣ «እኔ ይህ ሰው ነኝ» ብሎ ወዲያው መጫወት እንዲችል። አምስቱ አልቀዋል። ደካሞች ናቸው፣ ግን አልቀዋል። ስድስተኛው ቀርቶኛል።

የጫማ ካርቶኑን ከፈትኩ። የካርቶኑን ሕግ ያወጣው ጓደኛዬ ሃርላን ነው። ሐሳብ ያለው ሰው አንድ ገጽ በታይፕ ይጽፍና ስሙን ሳያሰፍር ደረጃው ሥር ያለው ካርቶን ውስጥ ይጥላል። እኔ በቀይ አርማለሁ፣ ሐሙስ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ይሰካል። «ስም ካለበት ትለሳለሳለህ፤ ስም ከሌለበት እውነቱን ትናገራለህ» ይል ነበር ሃርላን።

«ይል ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው አልሞተም።

የዛሬው ገጽ፦ ፕላኔቱ የወደመችበት የመጨረሻው ልዑል። ስም አያስፈልገውም፤ የሮጀር ብሎም ነው፤ አራተኛ ጊዜው። ሮጀር ለመድን ድርጅት የተጋጨ መኪና የሚገምት ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ የተጨፈለቀ የመኪና ፊት ሲያይ ይውልና ማታ ፕላኔት ያስጨፈልቃል። «ይህ ልዑል ሥራ ይፈልግ» ብዬ በቀይ ጻፍኩበት።

ጃንዋሪ 8፣ ማክሰኞ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ኦርቪል ዴትማን፣ የስፖርት መምህሩ፣ ሳንድዊቹን እያላመጠ መጣብኝ።

«አንተ የፊዚክሱ ሰውዬ፣ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ክፍል ገብታችሁ የምታደርጉት ምንድን ነው?»

«አንዱ ተራኪ ይሆናል። መርከቧ የት እንደደረሰች፣ ምን እንደገጠማት ይነግረናል። ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን እንናገራለን፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ አብራሪ፣ አንዱ ሌባ። ያልታወቀውን ነገር የሚጣለው ባለ ቁጥር ዳይስ ይወስነዋል።»

«ማን ያሸንፋል?»

«ማንም።»

«እና ለምን ትጫወታላችሁ?»

ይህን የሚጠይቀኝ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ግጥሚያ ያላሸነፈ ቡድን አሠልጣኝ ነው።

«ያ በሬዲዮ የወተት ዋጋ የሚያነበው ጓደኛህስ? ተራኪያችሁ እሱ አልነበረም? ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ።»

«ደህና ነው» አልኩት። ደወል ተደወለ። ደወል ባይኖር መምህርነት የሚቻል ሥራ አልነበረም።

ጃንዋሪ 10፣ ሐሙስ

ተራኪው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ለጊዜው ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የእጅ መደገፊያው ላይ ሃርላን በጣቱ እየመታ ቀለሙን የላጠው ቦታ አለ፤ ክርኔን እዚያ ላይ ላለማሳረፍ ስጠነቀቅ ትከሻዬን አመመኝ።

ከእሱ የድሮ ወረቀቶች አንዱን አውጥቼ ተረኩ። ክብ ክቡ ፊደል ሁሉ ሆዱ በቀለም ተደፍኗል። የታይፕ መኪናህን አጽዳ እያልኩ አሥራ ሰባት ዓመት ለፈለፍኩ። ግድግዳ ይሰማል፣ ሃርላን አይሰማም።

ሚስቱ አርሊስ የመጽሐፉን ሥዕሎች የምትሥለው ናት። ሐሙስ ሐሙስ ሥዕሎቿንና አንድ ክሪንግል ይዛ ትመጣለች፣ ያንን ቀለበት የመሰለ የዴንማርኮቹን የለውዝ ኬክ። ዛሬ ኮቷን ሳታወልቅ፦

«ዴል፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

«በረዶው ቀለል ይበል እንጂ።»

«እሺ» አለች። አልተከራከረችም። አርሊስ ሳትከራከር ስትቀር አልወድም።

ቤታቸው ከእኔ አራት መንገድ ማዶ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በዚሁ በረዶ ሚልዋኪ ከተማ ድረስ ነድቼ የታይፕ ሪባን ገዝቻለሁ። ያ ሌላ ነገር ነው።

ጃንዋሪ 13፣ እሑድ

ስድስተኛውን አገኘሁት። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ፤ አሥራ አንድ ገጽ። የሌሎቹ አንድ አንድ ገጽ ነው፤ ታዲያ የሌሎቹ እንደዚያ ናቸው።

አምባሳደር ኦሬን ቫስ። መሣሪያ አይታጠቅም። መሣሪያው ድምፁ ነው። ጦር መርከቦች ከብበውት ሳለ ቀስ ብሎ፣ ከደረቱ አውጥቶ ይናገራል፤ ተኳሹ ጣቱን ከቃታው ያነሣል። ስለ ምንም ቢናገር ይሰማል። ማለዳ የወተት ዋጋ ቢያነብ እንኳ ገበሬው ትራክተሩን አጥፍቶ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው።

መልሼ ሳነበው አማረልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከጠረጴዛችን ጠፍቷል።

ስለ ሃርላን አንድ ጊዜ ልጻፍና ይውጣልኝ። ኖቬምበር ውስጥ ሆስፒታል ሄጃለሁ፤ አልሄድክም የሚለኝ ካለ ይዋሻል። ነቀርሳውን ከነማንቁርቱ ቆርጠው አውጥተውለታል። አንገቱ ላይ የሚተነፍስበት ቀዳዳ አለ። ሲያየኝ አፉን ከፈተ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። ሠላሳ ዓመት የማውቀው ሰው ነው። እኔ ስለ ትምህርት ቤቱ የማሞቂያ ቧንቧ ሃያ ደቂቃ አወራሁ። ከቧንቧው ወደ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ከእሱ ወደ ሠራተኛው አማች ተሻገርኩ። ከዚያ «እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ሥራ በዛብኝ። ይኸው ነው።

ጃንዋሪ 17፣ ሐሙስ

ሙከራ። ስድስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አምስት ተጫዋች፣ አምስት ወረቀት አነሡ። አምባሳደሩ ቀረ። እንዲለዋወጡ አደረግኩ፤ እንደገና ቀረ። ሌባዋን ለማግኘት ሁለት ሰው ተጣላ። ሌባዋ አንድ ቀልድና አንድ ጩቤ ብቻ ናት ያላት!

«ሰነፎች ናችሁ» አልኳቸው። «አሥራ አንድ ገጽ ማንበብ ከበዳችሁ።»

ባለ ልዑሉ ሮጀር ክሪንግሉን እየቆረሰ፦ «ገጹ አይደለም ዴል። ይህንን ሃርላን ብቻ ነው የሚጫወተው። ሌላ ማን ጉሮሮ አለው?»

ማሞቂያው ተንኳኳ። አርሊስ እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች፤ ቀድሞ የተቀረጸ ነበር።

አፍ ያለው ልዑል።

ጃንዋሪ 24፣ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት

ካርቶኑ ውስጥ አንድ ገጽ ብቻ። እንደወረደ ልገልብጠው፦

«አብራሪ ዮርን። እሳት ጉሮሮውን በልቶታል፤ አይናገርም። ሰው የሚያናግረው በጣቱ አጥንት እያንኳኳ ነው። አንድ ጊዜ ‹አዎ›። ሁለት ጊዜ ‹አይደለም›። ሦስት ጊዜ ‹ትዋሻለህ›። እንዲታዘንለት አይፈልግም። ከመርከቧ ውጭ፣ አየር በሌለበት፣ ሁሉም ሰው እንደ እሱ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ለምዶታል።»

ይኸው። ሙሉ ሰውየው ይህ ነው። ስድስት መስመር።

ደሜ ፈላ። ከልዑሉ በላይ አናደደኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በቀይ፦ «ሬዲዮ የሚባል ነገር አለ። ፊዚክስ አንብብ።» ከታች ደግሞ፦ «በንግግር ጨዋታ ላይ መናገር የማይችል ሰው ምን ይሠራል? ቤቱ ይቀመጥ።» እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ክብ ክቡ ፊደል ተደፍኗል። በዚህ አውራጃ የታይፕ መኪናውን የሚያጸዳ ሰው የለም።

ጃንዋሪ 31፣ ሐሙስ

ሳምንት ኪሴ ይዤው ከረምኩና ዛሬ አነበብኩት። እንደ ልማዴ ድምፄን አቅጥኜ፣ አፍንጫዬን ይዤ። ሌላ ጊዜ ይሥቃሉ። ሮጀር ጀመረና አቆመ። ኮኒ ጥፍሯን ታያለች። የቀዩን ጽሑፍ አነበብኩ። «ቤቱ ይቀመጥ» ላይ ስደርስ አርሊስ ተነሣች።

«መኪናዬን ሳላጠፋ ወጣሁ መሰለኝ» አለች።

በመስኮት አየሁ። የመኪናዋ ሞተር ጠፍቷል፤ ጣሪያው ላይ በረዶ ተከምሯል። ገብታ ተቀመጠች። ረጅም ጊዜ ሞተር አላስነሣችም። ሥዕሎቿን ትታ ሄደች፤ ክሪንግሉን የቆረሰው ሰው የለም።

ገጹን ግድግዳው ላይ ሰካሁ። ሕግ ሕግ ነው። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው።

ፌብሩዋሪ 2፣ ቅዳሜ

ሬዲዮ ስለመኖሩ ትክክል ነኝ። የጠፈር ልብስ ሁሉ ሬዲዮ አለው። ሦስት መጽሐፍ አየሁ። ትክክል ነኝ።

ፌብሩዋሪ 7፣ ሐሙስ

ደረጃው ላይ ሆኜ የጫማዬን በረዶ ሳራግፍ ከላይ ኮኒና ሮጀር ሲያወሩ ሰማሁ።

«ለዴል ማን ይንገረው?» አለ ሮጀር።

«ምኑን?»

«ገጹ የማን እንደሆነ ነዋ።»

«እኔ የምፈራው ሌላ ነው» አለች ኮኒ። «የምፈራው እያወቀ ይሆናል ብዬ ነው።»

ጫማዬን እንደገና አራገፍኩ፤ በኃይል፣ እንዲሰሙኝ። ስገባ ሁለቱም ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። ሰዎች ስለ ሌላ ሰው ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንኳ አይችሉም።

ፌብሩዋሪ 14፣ ሐሙስ

አርሊስ አልመጣችም። ሥዕሎቹን በኮኒ ላከች። ክሪንግል የለም። ሮጀር የሱቅ ብስኩት አመጣ፤ ካርቶን ካርቶን ይላል።

አምባሳደሩን ወደ ስምንት ገጽ ላሳጥረው ሞከርኩና መልሼ አሥራ አንድ አደረግኩት። ማንም አላነሣውም።

ፌብሩዋሪ 20፣ ረቡዕ፣ ማለዳ

የወተት ዋጋ አሁን የሚያነበው ልጅ እግር ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚያነብ ይመስላል። ሬዲዮውን አጠፋሁ። ከዚያ ዋጋውን ሳልሰማ ቀረሁ ብዬ ተናደድኩ። ላም የለኝም።

ማርች 7፣ ሐሙስ

ኮኒ እኔን ሳትጠይቅ የማያውቁን ሰዎች ጋበዘች፤ ከኬኖሻ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሦስት ሴቶች። አንዷ፣ ኢርማ የምትባለው፣ ሹራብ እየሠራች ነው የምትጫወተው። ኮኒ የአብራሪውን ገጽ ከግድግዳው ነቅላ፣ ቀዩን ትታ በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ከሌሎቹ መሐል ጨምራዋለች። ሰባት ወረቀት።

ሦስቱም እጃቸውን ወደ አብራሪው ሰደዱ። ዳይስ ጣሉ፤ ኢርማ አሸነፈች።

መጀመሪያ ሣቅሁባት። እንደ ግንደ ቆርቁር ታንኳኳለች። ከዚያ መርከቧ ተመታች፤ ሁሉም የጠፈር ልብስ ለብሰው ውጭ ወጡ። ሬዲዮው ይሠራል ወይ ብዬ ዳይስ ጣልኩ። አንድ ወጣ። ከአንድ በታች ቁጥር የለም። «ሬዲዮው ሞተ» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

ሁሉም ወደ ኢርማ ዞሩ። ሹራቧን አስቀመጠች። ማንኳኳት አስተማረቻቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከእኔ በስተቀር ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ ሰው ግን እንደዚያ ሲደማመጥ በዚያ ክፍል ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። ሮጀር እንኳ ልዑልነቱን ረሳ። የወደብ ሹም ሆኜ «የአየር ታንኩ ሙሉ ነው፣ አትፍሩ» አልኳቸው። ኢርማ ትክ ብላ አየችኝ። ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

ታንኩ ባዶ ነበር። በምን አወቀች? ዳይሱን ተራኪው ፊት ከሚቆመው መከለያ ጀርባ ነው የጣልኩት።

ሲወጡ «ይህን ሰው የጻፈው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ስም አይጻፍም» አልኳት። «ያሳዝናል» አለች፣ ክሯን እየጠቀለለች።

ማርች 14፣ ሐሙስ

ኮኒ ወስናለች። ስድስተኛው አብራሪው ነው።

«ባለቤቱ መገኘት አለበት» አለች። «ፈቃዱን ሳልይዝ አላትምም፤ ስሙም መጽሐፉ ላይ ይገባል።»

«ከየት ታገኚዋለሽ? ስም የለበትም።»

መነጽሯን አወለቀች። «ዴል፣ አንተ የስንቶቻችንን ታይፕ ነው የምታውቀው?»

«እኔ የማየው ይዘት ነው።»

«እሺ» አለች። ዘንድሮ ሁሉም ሰው እሺ ይለኛል።

ማርች 16፣ ቅዳሜ

ካርቶኑ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት። «የአብራሪው ገጽ ከመጽሐፉ ይውጣ። ቤቱ ይቀመጣል።» ፊርማ የለም። ፊደሎቹ እንደዚያው ናቸው።

ኮኒ ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጠች። «በል እንግዲህ፣ ያንተ አምባሳደር ገባ። እንኳን ደስ አለህ።» ፊቷ ደስታ አልነበረበትም።

አሸነፍኩ።

ማርች 17፣ እሑድ፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አምባሳደሩን አነበብኩት። አንድም ሕያው ነገር የለበትም። የሚያምር ድምፅ ነው፣ ከድምፁ ጀርባ ግን ሰው የለም። ሮጀር ቢጽፈው ኖሮ በቀይ አጥበው ነበር።

አወቅኩት። ጃንዋሪ 24 ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ወረቀቱን ከካርቶኑ ሳወጣ፣ አንድ መስመር ሳላነብ አወቅኩት። የእነዚያን የታወሩ ፊደሎች ባለቤት ከእናቴ የእጅ ጽሕፈት በላይ አውቃለሁ። አውቄ ጻፍኩ። አውቄ አነበብኩ፤ ሚስቱ ፊት፣ አፍንጫዬን ይዤ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራሴ ሲመለጥ አላወቅኩም፣ እሺ። ይህ ግን አላመለጠኝም። እስክሪብቶ ፈልጌ፣ ክዳኑን ከፍቼ ነው የጻፍኩት።

ለምን? እሱ ስድስት መስመር ጽፎ ድምፁን ቀበረው። ሳያለቅስ፣ ሳያማክረኝ። «ለምዶታል» ይላል። እኔ አልለመድኩም! እኔ ገና አሥራ አንድ ገጽ እየጻፍኩ ልመልሰው ስታገል፣ እሱ እያንኳኳ ሊኖር ተነሣ። በዚህ ተናደድኩ። ሰው በታመመ ጓደኛው ላይ በዚህ ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ።

ደግሞም ፈራሁ። እፊቱ ተቀምጬ ዝም ማለትን።

ማርች 24፣ እሑድ

እስከ እነሃርላን መንገድ ጥግ ድረስ ሄድኩ። የወጥ ቤታቸው መብራት ይታያል። ተመለስኩ። በረዶ የለም። አንድ ፍንጣሪ እንኳ የለም።

ማርች 30፣ ቅዳሜ

በሩን አርሊስ ከፈተች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«በረዶው ቀለለ?» አለች።

ይገባኛል። ከዚህም የባሰ ይገባኝ ነበር። ክሪንግል ገዝቼ ነበር፤ ተቀበለችኝ፤ ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ ጣለችው ማለት ይሻላል።

ሃርላን ወጥ ቤት ተቀምጧል። ከስቷል። አንገቱ ላይ ትንሽ የጨርቅ መሸፈኛ አድርጓል። ፊቱ የልጅ መጻፊያ ሰሌዳ አለ፣ አጠገቡ ጠመኔ። ሲያየኝ አልተነሣም። ወንበር በእግሩ ገፋልኝ።

ማውራት ጀመርኩ። ስለ ማተሚያ ቤቱ፣ ስለ ኬኖሻዎቹ ሴቶች፣ ስለ ኦርቪል ቡድን። ቧንቧው ላይ ልደርስ ስል አርሊስ ከማጠቢያው ሆና፦ «ዴል፣ ዝም አይነቅዝም» አለች።

ዝም አልኩ። ሰዓታቸው ይጮኻል። ከዚያ ለዚህ ብዬ መንገድ ለመንገድ ያዘጋጀሁትን አወጣሁ።

«ያ ገጽ ያንተ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

ሃርላን ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል እጁን አነሣ። ጠረጴዛውን አንኳኳ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

አርሊስ ሳሕን ማጠቧን አቆመች።

«አውቄ ነበር» አልኩ።

አንድ ጊዜ አንኳኳ።

ሰሌዳውን ሳበና «ለምን?» ብሎ ጻፈ። ጽሕፈቱ እንደ ድሮው አስቀያሚ ነው።

«ድምፅህ ናፈቀኝ» አልኩት። «ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም። ናፈቀኝና አንተን ጠላሁህ።» ሃምሳ አንድ ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ ደግሜም አልናገርም።

ቃሉን በእጅጌው ጠረገ። ጠመኔውን አነሣ። «እኔንም ናፈቀኝ» ብሎ ጻፈ።

ለረጅም ጊዜ ተቀመጥን። ከዚያ ክሪንግሉን ቆረሰ፤ ትልቁን ለራሱ ወሰደ።

የአብራሪውን ፈቃድ ጠየቅኩት። ሁለት ጊዜ አንኳኳ። አይደለም። ለመንኩት። ሁለት ጊዜ። «ምን ላድርግ ታዲያ?» አልኩ። ሰሌዳው ላይ፦ «ያንተን አሥራ አንድ ገጽ ካርቶን ውስጥ ጣል። የሚያርመው እኔ ነኝ።»

አሥራ አንድ መሆኑን ማን ነገረው? ሮጀር ነው። አፍ ያለው ልዑል።

ኤፕሪል 11፣ ሐሙስ

ነገ ማተሚያ ቤት ነው። ሃርላን መጣ። ደረጃውን ሲወጣ ሦስት ጊዜ አረፈ፤ ማንም አልደገፈውም፤ አርሊስ በዓይኗ ከልክላናለች። ከወንበሩ ተነሣሁለት። ተቀመጠ። ጣቱ የተላጠው ቦታ ላይ በራሱ ጊዜ ሄዶ አረፈ።

አምባሳደሩን ካርቶኑ ውስጥ ጥዬው ነበር፤ ስም ሳልጽፍ፣ ይህ ለማንም ምሥጢር ይመስል። ሃርላን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። አሥራ አንዱም ገጽ በቀይ ተሞልቷል። ጠርዙ ላይ የቀረ ነጭ ቦታ የለም። ለእኔ ገፋልኝ። ሕጉ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ እሱ ማንበብ አይችልም፤ አንባቢው ደግሞ ሁልጊዜም እኔ ነኝ።

አነበብኩ። አፍንጫዬን አልያዝኩም። «እዚህ ጋ አስተኛኝ።» «ይህን ንግግር የወተት ላሞቹ እንኳ አይጨርሱትም።» «ፊዚክስ አንብብ።» ሮጀር ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሣቀ። ኮኒ ዓይኗን ጠረገች። አርሊስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትሥቃለች። ልዑሉ ሥራ ይፈልግ የተባለ ቀን እንደዚህ አልተሣቀም። እኔም መሐል ላይ አቁሜ ውኃ ጠየቅኩ።

የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ደረስኩ። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ለራሴ አነበብኩት። ሃርላን በጣቱ መደገፊያውን መታ፤ ቀጥል ማለቱ ነው።

«ይህ ሰው ብዙ ያወራል» ብዬ አነበብኩ። «ቤቱ ይቀመጥ። ከሐሙስ በስተቀር።»

ከዚያ ኮኒ የአብራሪውን ወረቀት አመጣችለት። ሃርላን አንድ ጊዜ አንኳኳና ከግርጌው ስሙን ጻፈ። እኔ አሥራ አንዱን ገጽ ይዤ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። መርፌ አነሰኝ፤ ሮጀር ጨመረልኝ።